ጋሼ ያጠበቁትን ብሎን ማታ ተደብቄ አጠብቃለሁ

ጥያቄ

ሰላም፣ እንደምን አላችሁ? የምጽፍላችሁ ስለ ፍቅር ወይም ስለ ትዳር አይደለም፣ ስለ ሥራዬ ነው። ግን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

26 ዓመቴ ነው፣ የሳይክል መካኒክ ነኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ አንድ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሱቁ የእሳቸው ነው፣ የምንሠራውም ሁለታችን ብቻ ነን። ከገባሁ 6 ዓመት ሆነኝ። ያኔ ካቻቪቴ እንኳ በወጉ መያዝ አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ወር የቀኙን ፔዳል በግራ በኩል በግድ ሳስገባ የአንድ ደንበኛ አዲስ ክራንክ፣ ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ፣ ጥርሱን ጨርሼ በላሁት። ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አላሉኝም። ክራንኩን ከኪሳቸው ተኩና በማግስቱ የተበላሸውን ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ በሽቦ አንጠልጥለው ጠበቁኝ። ከዚያ ጥርሳቸው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር የቀኝና የግራ ፔዳል ሰጥተውኝ «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ የግራው የትኛው እንደሆነ በጥፍርሽ ዳስሰሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ሳልሳሳት እስክናገር ድረስ ስንት ቀን አስደገሙኝ! ክራንኩ ዛሬም እዚያው ተንጠልጥሏል።

ከዓመት ወዲህ ግን ጋሼ እንደ ድሮው አይደሉም። መጀመሪያ አንድ የተጣመመ ቸርኬ አቅንተው ሰጡ፣ በሳምንቱ ራጂዎቹ፣ ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ላልተው ተመለሰ። ያጋጥማል ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ፔዳል አጣመው አስገቡ፣ እሳቸው! ብሎን ከእጃቸው ይወድቃል። ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ሲያሹ አያለሁ። መነጽር አላቸው፣ ግን ከመሳቢያው አይወጣም።

ከአራት ወር በፊት አንዲት እናት ከኋላው የልጅ መቀመጫ ያለበትን ሳይክሏን ልትወስድ መጣች። የሠሩላት ጋሼ ናቸው። እኔ እንደ ልማዴ የፊት ጎማውን በጉልበቴ መሃል ይዤ መሪውን ሳዞረው፣ መሪው ብቻውን ዞረ። መሪውን ከፊት ጎማው ጋር የሚያያይዘው አንገት ላይ ያሉት ብሎኖች በእጅ ገብተዋል እንጂ አልጠበቁም። ልጁ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ቆይ ትንሽ ነፋስ ልጨምርበት» ብዬ መልሼ አስገባሁትና አጠበቅኩት። ጋሼ አላዩኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ «ልጥረግና ልዝጋ» እያልኩ እቀራለሁ። እሳቸው ሲሄዱ የዋሉበትን ሁሉ አንድ በአንድ እፈትሻለሁ። አብዛኛው ደህና ነው። ግን በሳምንት አንድ ሁለት የማገኘው ነገር አለ። ባለፈው አንድ ቸርኬ መንካቴን ሊያውቁብኝ ነበር። ጠዋት ራጂዎቹን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ይሄን ማን ነካው?» አሉ። «እኔ እንጃ፣ ማንም» አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ትልቅ ሱቅ ሥራ አቀረበልኝ። መሣሪያው የተሟላ ነው፣ ደሞዙም የተሻለ ነው። እውነቱን ልናገር፣ መሄድ አምሮኛል፣ ደክሞኛል። ግን እኔ ከሄድኩ ማታ ማን ሊፈትሽ ነው? ሂሳቡን ለምትይዘው ልጃቸው እንዳልነግር ከጀርባ መውጋት መሰለኝ። ለራሳቸው እንዳልነግር ደግሞ ሁልጊዜ «የኔ እጅ ሚዛን ነው» ይላሉ። ይሄን እጅ እንዴት ብዬ ነው አይሠራም የምላቸው?

ማታ የምትቀረው

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልጁ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ነበር ያልሽው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ተነስቼ ትንሽ ተንጎራድጄ ነው የቀጠልኩት። እኔም ወደዚህ ሥራ ከመምጣቴ በፊት ጥቂት ዓመት ሳይክል ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አንገቱ ያልጠበቀ መሪ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ፍሬን ቢበላሽ እግርሽን መሬት ላይ ትጎትቻለሽ፣ ጎማ ቢፈነዳ እየተንገዳገድሽ ትቆሚያለሽ። መሪው ከጎማው ጋር ካልዞረ ግን የምታደርጊው ነገር የለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት፣ ያን ቀን ያደረግሽውን በጎ ነገር አሳንሰሽ አትይው። ጎማውን በጉልበት ይዞ መሪውን ማዞርን ማን እንዳስተማረሽ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ መሄድ ስላማረሽ ራስሽን አትውቀሺ። አራት ወር ሙሉ የሁለት ሰው ሥራ ሠርተሻል፣ ቀን የራስሽን፣ ማታ የሳቸውን። በዚያ ላይ ምስጢር መሸከም አለ፣ እሱ ከብረት ይከብዳል። ይሄ ሁሉ ተደራርቦ የደከመው ሰው «ልሂድ» ቢል ከዳ አይባልም።

አሁን ደስ የማይልሽን ነገር ልናገር፣ ቅር እንዳይልሽ። ጋሼ እጃቸው እንደ ድሮው ነው ብለው እንዲያምኑ እያደረግሽ ያለሽው አንቺ ነሽ። አስቢው እስኪ። መካኒክ መሳሳቱን የሚያውቀው በምንድን ነው? ሥራው ሲመለስበት ነው። ያ ቸርኬ በሳምንቱ ላልቶ ሲመለስ ለጋሼ አንድ ነገር ተነግሯቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልተመለሰባቸውም። ለምን ይመለሳል? ማታ አንቺ አለሽ። እሳቸው የሚያዩት አራት ወር ሙሉ አንድም ደንበኛ ሳይነጫነጭባቸው እንደሠሩ ነው። እንዲህ የሚያይ ሰው መነጽሩን ከመሳቢያ ለምን ያወጣል? በፍቅር እንዳደረግሽው አይጠፋኝም። ግን ፍቅርሽ እሳቸው ስለራሳቸው የሚያውቁበትን መንገድ ዘግቶባቸዋል።

ደብዳቤሽ ውስጥ ግን አንቺ ቶሎ ብለሽ ያለፍሽው፣ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ቦታ አለ። ራጂውን መታ መታ አድርገው «ይሄን ማን ነካው?» ያሉት። አንቺ የጻፍሽው ሊነቃብሽ እንደነበር ለመንገር ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁበት። ራጂ ሲጠብቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲላላ ይወፍራል። በአንድ በኩል ያሉት ራጂዎች ተቀራራቢ ድምፅ ሊሰጡ ይገባል። የኋላው ጎማ ላይ የማርሹ በኩል ከሌላው በኩል ስለሚጠብቅ ድምፁም ይለያል። ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን ትናንት የተውትን ቸርኬ ዛሬ ጠዋት በጆሮ ሰምቶ «ሌላ እጅ ነክቶታል» ማለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስንት ሰው ይችላል? እኔ አልችልም ነበር። ጋሼ እጃቸው ከድቷቸው ይሆናል፣ ጆሯቸው ግን ቁጭ ብሏል። ሰው ሲያረጅ ሁሉ ነገር በአንዴ አይሄድም። አንቺ በድካምና በፍርሃት ላይ ሆነሽ ሁሉንም በአንድ ላይ ያጣሻቸው መስሎሽ እንዳይሆን።

ሌላም ልጠይቅሽ። ያን ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩሽ ዓይናቸው ላይ ምን ነበር? ቁጣ ነው? ወይስ አንድ ነገር እንድትነግሪያቸው መጠበቅ? እዚያው የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አላውቅም። ግን ቸርኬው እንደተነካ በጆሮ የለየ ሰው፣ ሁለት ሰው ብቻ በሚሠራበት ሱቅ ማን እንደነካው ይጠፋዋል ብዬ ማመን ይቸግረኛል።

ወደ ስህተቶቹ እንመለስ፣ ምክንያቱም አንቺ ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ከትተሻቸዋል። አንድ ዓይነት አይደሉም። በሳምንቱ የላላው ቸርኬ የጣት ነገር ሊሆን ይችላል። የራጂውን ዳዶ ስታዞሪ ራጂው ራሱ አብሮ ይጠማዘዛል፣ ያን ጥምዘዛ ጣት ነው የሚሰማው። ካልተሰማሽ አልፈሽ አዙረሽ ትንሽ አትመልሺለትም፣ ራጂዎቹንም ጥንድ ጥንድ አድርገሽ ጨምቀሽ አታስቀምጪያቸውም፣ ከዚያ መንገድ ላይ ራሱ ይፈታና ይላላል። የተጣመመው ፔዳልም የጣት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በመፍቻ ሳይሆን በጣት ነው የሚገቡት። ዓይንም ሊኖርበት ይችላል። የመሪው አንገት ግን ከሁለቱም ይለያል። በእጅ የገቡና በመፍቻ ያልተጠበቁ ብሎኖች የደከመ ጣት ምልክት አይደሉም። ሥራው መሃል ላይ የተቋረጠ ሰው ምልክት ናቸው። ስልክ ጮኸ፣ ደንበኛ ገባ፣ «አጠብቀዋለሁ» ተባለና ተረሳ። ይሄ በ25 ዓመት ልጅም ይደርሳል። በእኔ ደርሷል፣ የፊት ጎማ ዳዶ ሳላጠብቅ ሳይክል መሬት ላይ አውርጄ አውቃለሁ፣ የያዘልኝ አጠገቤ የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ የያዝሽውን ነገር «ጋሼ አርጅተዋል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አትዝጊው። ጣት አለ፣ ዓይን አለ፣ ልብ መከፋፈል አለ። መፍትሔያቸውም የየራሱ ነው።

ስለ ጣታቸው አንድ ነገር ልበል። ሐኪም አይደለሁም። ግን የእጅ አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨመቅ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ይደነዝዛሉ። ማታና ጠዋት ይብሳል። ሰውየው ዕቃ ከእጁ ይጥላል። ዕድሜ ልኩን መፍቻ ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ላይ ቢመጣ አይገርምም፣ ሕክምናም አለው። ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ያሻሉ ስትዪ ወዲያው እሱ ነው ትዝ ያለኝ። ላይሆንም ይችላል። ግን ሐኪም ያየዋል፣ ቶሎ ሲታይ ደግሞ ይሻላል። ምናልባት እናንተ «እርጅና» ብላችሁ ዝም ያላችሁት ነገር የሚታከም ሆኖ ቢገኝስ? ዝም በማለታችሁ ብቻ ጊዜው እያለፈ ቢሆንስ?

እንግዲህ መንገር አለብሽ። ለልጃቸው አይደለም፣ ለራሳቸው። ከጀርባ መውጋት ይመስለኛል ያልሽው ትክክል ነው፣ መጀመሪያ ከሌላ ሰው አፍ ከሰሙት ይሰበራሉ።

መቼ? ስህተት ባገኘሽበት ደቂቃ አይሁን፣ ያኔ አንቺም ትቆጫለሽ፣ እሳቸውም ይከላከላሉ። ደንበኛ ፊትማ በጭራሽ። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ መፍቻዎቹን ወደየቦታቸው ስትሰቅሉ ይሁን። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ዓይን ለዓይን መተያየት ግድ አይሆንም፣ ለከባድ ወሬ እንደዚያ ይሻላል። አራት ወር ሙሉ የሰበሰብሽውን ስህተት አትዘርዝሪ። ዝርዝር ክስ ነው። አንዱን ብቻ ያዢ፣ የእናትየዋን ሳይክል። መጀመሪያ ደግሞ የራስሽን ውሸት አስቀድሚ። እንዲህ ብትዪስ፦

«ጋሼ፣ የዛን ቀን ቸርኬውን ማን ነካው ብለው ሲጠይቁኝ ዋሽቼዎታለሁ። እኔ ነኝ የነካሁት። ማታ ማታ እየቀረሁ የሠሩትን እፈትሻለሁ። የልጅ መቀመጫ ያለው ሳይክል መሪ ሳይጠብቅ ሊወጣ ሲል አገኘሁትና ፈራሁ። ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ፣ አልደፈርኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከዚያ ዝም በይ። በዝምታው መሃል ገብተሽ «ግን እኮ ምንም አይደለም» አትበያቸው። ምንም ነው። ሊቆጡ ይችላሉ። «ውጪልኝ» ሊሉሽም ይችላሉ። የመጀመሪያው ቀን መልስ የመጨረሻው መልስ አይደለም፣ አንድ ሌሊት ስጫቸው። አንቺ ክራንኩን ስትበዪ እሳቸውም ለማግስቱ ነው ያቆዩት። ነገሩን አልደበቁትም እኮ፣ ከጠረጴዛሽ በላይ ሰቅለውታል። ግን አላዋረዱሽም። ወዲያው ደግሞ የምትሠሪው ነገር ሰጡሽ፣ ሁለቱን ፔዳል። አንቺም ነግረሻቸው ስታበቂ እጅሽ ላይ አንድ የሚሠራ ነገር ይዘሽ ቅረቢ።

እኔ የማስበው ይሄን ነው። ከሱቁ የሚወጣ ሳይክል ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ሌላኛችሁ ሳያየው አይውጣ። አንቺ የሳቸውን ታያለሽ፣ እሳቸው ያንቺን ያያሉ። ይሄ ሁለተኛው ግማሽ ከሌለ ነገሩ ክትትል ነው፣ ካለ ግን የሱቁ ደንብ ነው። በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነው። መሪውና አንገቱ፣ የፊትና የኋላ ጎማ አያያዝ፣ ሁለቱ ፍሬኖች፣ ፔዳልና ክራንክ፣ ኮርቻው። በቃ። አውሮፕላን የሚጠግኑ ሰዎች እንደዚህ ነው የሚሠሩት፣ የበረራ መቆጣጠሪያውን የነካው መካኒክ ራሱ ፈርሞ አይጨርስም፣ ሌላ ሰው ለብቻው ያየዋል። መካኒኩ ስለተናቀ አይደለም። ጋሼ «እኛ አውሮፕላን አይደለም የምንሠራው» ካሉሽ ደግሞ አውሮፕላን ራሱ ከሳይክል ሱቅ እንደወጣ አስታውሻቸው። ራይት ወንድማማቾች ሳይክል ሠሪና ጠጋኝ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ያበረሩትን አውሮፕላን ሞተር በ6 ሳምንት የሠራላቸው ቻርሊ ቴይለርም የዚያው ሱቅ መካኒክ ነበር። እሳቸው ይሄን ታሪክ ካንቺ በላይ ያውቁት ይሆናል፣ ያኔ እሳቸው ይንገሩሽ።

ከዚህ ጋር ሁለት ቀለም ያለው እስክሪብቶ ያስፈልጋችኋል፣ ብረት ላይ የሚጽፈው ዓይነት። ብሎኑን አጥብቀሽ ስትጨርሺ ከብሎኑ ራስ ተነስተሽ አጠገቡ ያለው ብረት ድረስ ቀጭን መስመር ታሰምሪያለሽ። ብሎኑ ከተነቃነቀ መስመሩ ይቋረጣል፣ ከሩቅ ይታያል። መስመር የሌለው ብሎን ደግሞ ገና አልጠበቀም ማለት ነው። ስልክ ቢጮህ፣ ደንበኛ ቢገባ፣ ተመልሶ የመጣ ሰው የት ጋ እንዳቆመ ያውቃል። የእናትየዋ ሳይክል ላይ ይሄ መስመር ቢኖር ኖሮ መሪው እስኪዞር መጠበቅ አያስፈልግሽም ነበር። አንዱ ቀለም የሳቸው፣ አንዱ ያንቺ ይሁን።

«የኔ እጅ ሚዛን ነው» ስለሚሉት ነገር፣ እጃቸውን አትከራከሪ። ብረቱ ነው የተለወጠው። አሮጌው ባለ አራት ማዕዘን ክራንክ ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር፣ ጥብቀት የሚለካበት ነው፣ ይፈልጋል፣ በሙሉ ክንድ ነው የሚጠበቀው። የመሪው አንገት ላይ ያሉት ትናንሽ ብሎኖች ግን ብዙውን ጊዜ 5 አካባቢ ነው የሚፈልጉት፣ ቁጥሩም አንገቱ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ሰባት ስምንት እጥፍ ልዩነት ነው እኮ። ዕቃው ካርቦን ከሆነ ደግሞ ከልኩ ካለፈ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስንጥቁም ወዲያው ላይታይ ይችላል። ለዚህ ቶርክ መፍቻ መያዝ ለማንኛውም ጤነኛ እጅ ተገቢ ነው። ይሄን ለማስረዳት የሰንሰለቱን ነገር አንሺላቸው። ጋሼ ሰንሰለት ማለቁን በዓይን አይተው አይፈርዱም መቼም፣ ማስመሪያ ያስጠጉበታል። ከአንድ ፒን መሃል ጀምሮ 24 ሲቆጠር አዲስ ሰንሰለት ልክ 12 ኢንች ነው፣ 304.8 ሚሊ ሜትር። በ1.6 ሚሊ ሜትር ካለፈ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል፣ ከዚያ በላይ ከቆየ የማርሹን ጥርስ ይዞ ይሄዳል። ይሄን በማስመሪያ መለካት ያሳፈረው መካኒክ አይቼ አላውቅም። ቶርክ መፍቻም ያው ማስመሪያ ነው፣ የሚለካው ጥብቀትን መሆኑ ብቻ ነው።

ከዚያ ሥራ መከፋፈል ይመጣል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆይ ብዬሽ አንድ ነገር ላጫውትሽ። እኔ በሠራሁበት ሱቅ አንድ ሳይክል መጣ፣ በየፔዳሉ ዙር አንድ ጊዜ «ቀጭ» የሚል። ፔዳል ቀየርን። ክራንኩን ፈትተን ግሪስ ቀባን። የመሃል ኩሽኔታውን ሳይቀር ቀየርነው። ቀጭ! አንድ አንጋፋ መካኒክ ነበሩ፣ እጃቸው መሥራት ካቆመ ቆይቷል፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። «ከኮርቻው ተነስና ቆመህ ንዳው» አሉት ልጁን። ቆሞ ሲነዳ ዝም አለ። «የኮርቻው ዘንግ ነው» አሉ። አወጣነው፣ ውስጡን ጠረግነው፣ ስስ ግሪስ ቀባነው፣ አለቀ። ስንት ሰዓት ያባከንበትን ነገር ከተቀመጡበት ሳይነሱ ጨረሱት። የአንድ ሱቅ ዋጋው ይሄ ነው፣ ብሎንማ ማንም ሊያጠብቅ ይችላል።

ስለዚህ ጋሼ ከሥራ አይውጡ። ደንበኛ ሲገባ ሳይክሉን የሚሰሙት እሳቸው ይሁኑ። ምን እንደሆነ የሚወስኑት እሳቸው፣ የመጨረሻዋን ጥብቀት የምትሰጪው አንቺ። ቸርኬ ሲሆን አብራችሁ ሥሩት፣ አንቺ የራጂ መፍቻውን ያዢ፣ እሳቸው ድምፁን ይስሙ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በዚህ ከሁለታችሁ የበለጠ የምታተርፊው አንቺ ነሽ። ያንን ጆሮ እስካሁን አልወሰድሽውም፣ ማታ ብቻሽን ስትሠሪ ደግሞ ማንም አያስተምርሽም።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንዱ፣ አንቺ ማታ መቅረት ከመጀመርሽ በፊት የወጡት ሳይክሎች። ያሳስቡኛል። የሥራ ደብተር ካላችሁ፣ ነገሩን ከተነጋገራችሁ በኋላ፣ ጋሼ መሪ፣ ፍሬንና ፔዳል የነኩባቸውን ሳይክሎች ባለቤቶች ደውላችሁ «በነጻ እናየዋለን፣ አምጡት» በሉ። ምክንያት መፍጠር አያስፈልግም። «ሥራችንን ደግመን እያየን ነው» ማለት እውነት ነው፣ አያሳፍርምም።

ሁለተኛው፣ እምቢ ካሉስ? ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላም «አንቺ ማን ነሽና» ካሉ፣ ያኔ መስመርሽን በግልጽ ንገሪያቸው፦ «ጋሼ፣ መሪና ፍሬን ሳላይ ሳይክል ከዚህ በር ሲወጣ ዝም አልልም። ከፊትዎ ነው የማየው፣ ከእንግዲህ ማታ ተደብቄ አልነካም።» ልጃቸውንም ማናገር ካለብሽ «ላናግራት ነው» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ይሄም ካልሆነ ሌላውን ሥራ ተቀበዪ፣ ያን ጊዜ ደብቀሽ ሳይሆን ነግረሽ ነው የምትሄጂው። ማታ ማን ይፈትሻል ያልሽው ጭንቀት ያንጊዜ ያንቺ ብቻ አይሆንም፣ እሳቸውም ልጃቸውም ያውቁታል። እስከዚያ ድረስ አዲሱን ሱቅ ጊዜ ጠይቂያቸው፣ አንድ ወር እንኳ። ዛሬ ብትወስኚ የምትወስኚው ከድካምሽ ነው። ለጋሼ ደግሞ «ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ» የሚለውን በዚያ ምሽት አታንሺው፣ ማስፈራሪያ ይመስላቸዋል። ካነሳሽው ሌላ ቀን፣ ለብቻው።

መፍራትሽ ገብቶኛል። እኔም ብሆን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን የዛን ቀን ጠዋት ዝም ብለው ያዩሽን ነገር ደጋግሜ አስባለሁ፣ ምናልባት ከጠበቅሽው በላይ ቀላል ይሆንልሽ ይሆናል። መነጽሩ ከመሳቢያው ከወጣ ጻፊልኝ። ካልወጣም ጻፊልኝ።